ሞተሩስ ተቀየረ፤ ፍሬኑስ?

መኪናው ከሾፌሩ በዕድሜ ይበልጣል። ሾፌሩ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። መኪናው ግን ንጉሡ ከዙፋን በወረዱ ማግስት የተሠራ፣ የመጀመሪያ ቀለሙ ምን እንደነበር ባለቤቱም በእርግጠኝነት የማይናገርለት አጭሩ የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነው። ከጋሸና ተነስተን ወደ ላሊበላ እየወረድን ነው። ጋሸና ሦስት ሺህ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወርዶ ወርዶ አውሮፕላን ማረፊያው ካለበት ከሸምሸሃ ሲደርስ ሁለት ሺህ ሜትር ግድም ይሆናል። ከዚያ እንደገና ሽቅብ ወደ ላሊበላ ነው። ስልሳ አራቱ ኪሎ ሜትር የሚያልቀው እንዲህ ነው።

ከኋላ ስምንት ሰው፣ ሁለት ኩንታል እህልና አንድ በግ ተጭነዋል። እኔ ከፊት ነኝ። ጆሮዬን ለሞተሩ ሰጥቼ ሳዳምጥ ድምፁ የዚያ ዘመን ድምፅ አልመስል አለኝ።

«ይኼ ቤንዚን አልነበረም እንዴ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቀፎው ነው የድሮው፤ ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ነው» አለኝ በኩራት።

«ካምቢዮውስ?»

«እሱም ከሞተሩ ጋር መጣ።»

«ፍሬኑስ?»

ዝም አለ። አንድ መታጠፊያ አለፍን። ሁለተኛውንም አለፍን። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «ፍሬኑማ የጥንቱ ነው። የምንኖረው ቅዱስ ላሊበላ አገር አይደል? እሱ ይጠብቀናል» አለኝ።

ውድ አንባብያን! የዛሬ ጽሑፌ በዚህች በአንዲት መልስ ላይ ነው።

በቅድሚያ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ይህ ባለ 40 ተከታታይ የሚባለው ላንድ ክሩዘር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1984 ተሠርቷል። ቤንዚን የሚጠጣው ዓይነት ስድስት ፒስቶኖቹ በአንድ ረድፍ የተሰለፉለት ሞተር ነበረው፤ መጀመሪያ 3,878 ሲሲ፣ ኋላ ደግሞ 4,230 ሲሲ። ጠንካራ ነው፣ ግን ቤንዚን አይጠግብም። ሾፌሮች እንደሚሉት ዳገት ላይ በሊትር አምስት ኪሎ ሜትር ከሄደላቸው እልል ነው።

ቶዮታ በ1990 (እንደ ፈረንጆቹ) ሌላ ሞተር አወጣ፤ ዋን ኤች ዜድ። እሱም ስድስት ፒስቶን በአንድ ረድፍ ነው፤ መጠኑ 4,164 ሲሲ። ከቀድሞው የሚያንሰው በ66 ሲሲ ብቻ ነው። ነገር ግን ናፍጣ ነው፣ ቆጣቢ ነው፣ ካርቡራተር የለው፣ ካንዴላ የለው፣ እርጥበት አያስነጥሰው። በዕርዳታ ድርጅቱም፣ በጤና ጣቢያውም፣ በቀበሌ ገበሬ ማኅበሩም ስንት ዓመት ያገለገለው ነጭ ላንድ ክሩዘር ሆዱ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ስለዚህ ከተገለበጠ ወይም ከተገጨ መኪና ላይ የወረደ ዋን ኤች ዜድ ሶማሌ ተራ ሲገኝ፣ አሮጌውን ቀፎ ይዞ የሚንከራተት ሰው ዓይኑ ቢበራ ምን ይገርማል?

ደግሞም የአሮጌው ላንድ ክሩዘር አፍንጫ ከመነሻው ለረጅም ሞተር የተሠራ ነው። ስድስት ፒስቶን በአንድ መስመር ሲሰለፍ ሞተሩ ይረዝማል። የአራት ፒስቶን መኪና ውስጥ ይህን ልክተት ብትሉ ራዲያተሩን ይዞት ይወጣል። እዚህ ግን ቦታው አለ። ስድስቱ በአንድ ረድፍ ሲሆኑ የአንዱን መንቀጥቀጥ ሌላው ያጠፋለታል፣ ሞተሩም ሳይንዘፈዘፍ ይሠራል። ቀፎው አርጅቶ ለተዳከመ መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአገራችን መካኒክ ይህን ያወቀው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አይደለም፤ እጁን ዘይት ውስጥ ነክሮ ነው።

እንግዲህ አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ ቪ8 ላይ ተቀምጠው የሚያልፉን ጌቶች፣ «ምነው ይህን አሮጌ ቆርቆሮ ጥለው አዲስ አይገዙም?» ይሉ ይሆናል። ደግ ጥያቄ ነው። መልሱን ግን ከራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ቢፈልጉት ይሻላል።

በየካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ምክንያቱ አሮጌ መኪና አየር ይበክላል፣ አደጋ ያበዛል የሚል ነበር። እሺ፣ ያገለገለውን ተውነው። ጥር 2016 ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ተናገሩ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር ለገበያ ተለቀቀና አቅም ያለውም አቅሙን አጣ። በሦስት እርምጃ ሦስት በር ተዘጋ። ታዲያ ሰውዬው ምን ያድርግ? በቅሎ ይግዛ?

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ጥላቻ የለኝም። አገሪቱ ለነዳጅ የምታወጣው ዶላር እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 2017 ላይ ተመርቋል፤ የራስን ኃይል መጠቀም ያኮራል እንጂ አያሳፍርም። ግን እስቲ ላስታ ላይ ቆመን እንነጋገር። ላሊበላ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከአንዱ ጦር እጅ ወደ ሌላው እጅ ስትገባ ስትወጣ ሰነበተች። መብራት ጠፍቶባት ለወራት በጨለማ ተቀመጠች። ሕዝቡ እህል የሚያስፈጭበት ኤሌክትሪክ አጥቶ ድንጋይ ወፍጮ ፍለጋ ገባ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ተኩሱ እንደገና ተጀመረ። ይህን ላየ ሕዝብ «መኪናህን ሶኬት ላይ ሰካ» ማለት ምክር ነው ወይስ ቀልድ?

ነዳጁስ ቢሆን! ሐምሌ 2014 ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ 49 ብር ግድም ነበር። በ2017 ከመቶ ብር አለፈ። ለአንድ አስጎብኚ ሾፌር ከጋሸና ላሊበላ በቤንዚኑ ሞተር አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ሊትር ይፈልግ የነበረው ጉዞ በናፍጣው ስምንት ሊትር ግድም ከበቃው ሞተር መቀየር ቅንጦት አይደለም፤ የልጆቹ እንጀራ ነው። በ2012 ኮቪድ ቱሪስቱን አባረረው። በ2013 ጦርነቱ መጣ። በ2015 ሌላ ጦርነት ተከተለ። ወደ ይምርሃነ ክርስቶስ ፈረንጅ ያመላልስ የነበረው መኪና ዛሬ እህልና በግ ቢጭን ሰውዬው ሥራ ስላልመረጠ ሊመሰገን ይገባል።

ስለዚህ የሞተር ቅያሬው ራሱ ጥፋት ነው የሚል ካለ እኔ አልስማማም። ብልሃት ነው። የተጣለውን ከተጣለው ጋር አጋብቶ አገልግሎት ማውጣት ነው። ሞተሩ ከሱፖርቶው ጋር አልገጥም ሲል አዲስ ሱፖርቶ ይቆረጥና ይበየዳል። ካምቢዮው ከአሮጌው ክላች ጋር አልገናኝ ሲል ቶርኖ ቤት ተወስዶ ማገናኛ ይወጣለታል። የነዳጅ መስመሩ መመለሻ ይጨመርለታል። የኮረንቲው ሽቦ እንደገና ይዘረጋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው መካኒክ የረባ ማንሻ ክሬን የለው፤ ሞተሩን በሰንሰለት ከግራር ግንድ ላይ አንጠልጥሎ ነው።

ግን… ግን እዚህ ላይ ነው ነገሩ።

ሞተር ብቻውን አይቀየርም። መካኒኮቹም ራሳቸው ይህን ያውቃሉ፤ ገንዘብ ሲያጥር ግን ከሁሉ በፊት የሚቀረው ይኸው ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ክፍተት ይፈጥራል፤ ቫክዩም የሚሉት ነው። የፍሬን ማገዣው ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን በጣቱ ጫፍ ሲነካው መኪናው የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። የናፍጣ ሞተር ግን እንዲህ ያለ ቫክዩም አይሰጥም። ስለዚህ ለፍሬኑ ብቻ የሚሠራ ቫክዩም ፓምፕ ሊኖር ግድ ነው። ሞተሩ ሲገዛ ፓምፑ አብሮ ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ «ኋላ እንገጥመዋለን» ተብሎ ከቀረ፣ ማገዣው ሞተ ማለት ነው። ሾፌሩ ከዚያ ወዲያ ፍሬን የሚይዘው በእግሩ ጉልበት ነው። ሜዳ ላይ ይቻል ይሆናል። ስምንት ሰውና ሁለት ኩንታል ጭኖ ወደ ሸምሸሃ ሲወርድስ?

በዚያ ላይ የዚያ ዘመን መኪና ብዙው አራቱም እግር ላይ ከበሮ ፍሬን ነው። ከበሮ ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይደክማል። ሲደክም ፔዳሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። እንግዲህ አስቡት፤ ሞተሩ የዘመናችን ነው፣ ሽቅቡን እንደ ልቡ ይወጣል፣ ሾፌሩም ልቡ ይሞላል፣ ጭነቱን ይጨምራል። ቁልቁሉን የሚይዘው ግን ሃምሳ ዓመት የሞላው ከበሮ ነው።

ሌላም አለ። ዋን ኤች ዜድ ሞተር ውስጥ ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያስማማ ቺንጊያ አለ። በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ከተገለበጠ መኪና ላይ የወረደ ሞተር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ማን ያውቃል? ደላላው «ሰባ ሺህ ብቻ ነው የሄደው» ይላል። ደላላ መቼ ሁለት መቶ ሺህ ብሎ ያውቃል? ቺንጊያው ዳገት መሐል ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፣ ያ ሁሉ ወጪ አመድ ይሆናል፤ መኪናውም ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ የሚፈለገው እንደገና ያው ፍሬን ነው።

ከፍታውንም አትርሱ። ላሊበላ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ይህ ሞተር ደግሞ ቱርቦ የለውም። ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። አንዳንዱ «ለምን ደከመ?» ብሎ የነዳጅ ፓምፑን ያስከፍታል። የሚያገኘው ጥቁር ጭስና የሚግል ሞተር ነው። ራዲያተሩ የድሮው ከሆነ ደግሞ ውኃው ይፈላል። አየሩ አነሰ እንጂ ናፍጣው አላነሰም ብሎ የሚነግረው የለም።

እንግዲህ መንግሥት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነበር መገኘት የነበረበት። የት አለ? አለ፣ አለ። ቦሎ ሊሰጥ ቁጭ ብሏል።

ይኸው ሾፌር የነገረኝን ልንገራችሁ። መኪናውን ለዓመታዊ ምርመራ ይዞ ሄደ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም፤ ስሙ ቢቀየር ታሪኩ ያው ነው። መርማሪው ኮፈኑን አስከፈተ፣ ባትሪ አብርቶ አጎነበሰና የሞተሩን ቁጥር አነበበ። ሊብሬውን አየ። ቀና ብሎ «አይገናኝም» አለ። በቃ። ፍሬኑን አልረገጠውም። ጎማውን አላየውም። መሪውን አልነካውም።

«ምን ላድርግ?» አለ ሾፌሩ።

«የሞተሩን ዲክላራሲዮን አምጣ።»

ዲክላራሲዮን! ሞተሩ የተነሳው በጨረታ ከተሸጠ የተገጨ መኪና ላይ ነው። ጨረታውን ያሸነፈው ለነጋዴ ሸጠ፣ ነጋዴው ለደላላ፣ ደላላው ለመካኒክ። ወረቀቱ ከስንተኛው ኪስ እንደቀረ ማን ይወቅ? ሾፌሩ አንድ ወር ተመላለሰ። በመጨረሻ የበር ጠባቂው ዘመድ የሆነ ሰው ወደ ጎን ጠራውና መንገዱን አሳየው። ሁለት መንገድ አለ አሉ፤ አንደኛው ለሻይ፣ ሁለተኛው ደግሞ አዲሱን ቁጥር በመፍጫ አጥፍቶ የአሮጌውን ቁጥር ማስመታት። የትኛውን እንደመረጠ አልጠየቅኩትም። ቦሎው ግን መስታወቱ ላይ ተለጥፏል።

አያችሁ ጉዱን? ወረቀቱ ጤነኛ ሆነ፤ መኪናው ግን እንደታመመ ነው።

አንድ ነገር በሚዛን ልናገር። የሞተር ቁጥር መመርመሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። የተሰረቀ መኪና ተበልቶ ሞተሩ ሌላ ቀፎ ውስጥ ይገባል፤ በጦርነቱ ጊዜ የተዘረፈውም መኪና ብዙ ነው። ባለንብረቱ መፈለጊያ ሊኖረው ይገባል። ጥያቄዬ ቁጥር ለምን ይታያል አይደለም፤ ቁጥር ብቻ ለምን ይታያል ነው። ሕጉ ሐቀኛውን ሰው ደብቅ ካለው ይደብቃል። የተደበቀ ሞተር ደግሞ አይመረመርም። ያልተመረመረ ነገር የሚታወቀው ገደል ከገባ በኋላ ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው? ኩባን እንይ። ከአብዮቱ በኋላ እንደ ልብ መኪና ማስገባት ለአሥርት ዓመታት በመዘጋቱ ሕዝቡ በ1950ዎቹ የተሠሩትን የአሜሪካ መኪኖች የናፍጣ ሞተር እየገጠመ እስከ ዛሬ ይነዳቸዋል። በር ሲዘጋ መካኒክ ይፈጠራል ማለት ነው። የእኛም ዕጣ ወደዚያ እያመራ ነው። ወደ እንግሊዝ አገር ስንሻገር ሞተር የቀየረ ሰው የመኪናውን ደብተርና የሞተሩን ደረሰኝ ልኮ ያስመዘግባል፤ ወንጀለኛ አይባልም። አውስትራሊያ ደግሞ ለሞተር ቅያሬ የወጣ ብሔራዊ የአሠራር ደንብ አላት። ኃይል የሚጨምር ሞተር ከተገጠመ ፍሬኑም ሌላውም ለዚያ መመጠኑ ይታያል፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያም ይፈርምበታል። የሚጠየቅ ስም አለ ማለት ነው። እኛ ጋ የሚጠየቀው ማነው? ሾፌሩ፤ እሱም ከተረፈ።

እኔ የምለው ቀላል ነው። መኪና መቀየርን በታክስና በእገዳ የዘጋ መንግሥት ሞተር መቀየርን በሕግ ይክፈት። አንደኛ፣ እስካሁን የተቀየሩት ሞተሮች ያለ ቅጣት የሚመዘገቡበት የተወሰነ ጊዜ ይታወጅ፤ የስርቆት ማመልከቻ ያለበትን ቁጥር ፖሊስ ለይቶ ይያዝ፣ የቀረው ሊብሬው ይስተካከልለት። ሁለተኛ፣ ሞተሩ የተቀየረ መኪና ፍሬኑ ጭነት ጭኖ ቁልቁለት ላይ ይፈተን፤ ቫክዩም ፓምፕ ከሌለው ቦሎ አይሰጠው። ሦስተኛ፣ የሠራው መካኒክ ተፈትኖ ፈቃድ ይሰጠውና በሥራው ላይ ይፈርም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህን ቢያስተምሩ ምን ይጎድልባቸዋል? አራተኛ፣ የፍሬን ዕቃ፣ ሸራውም ዲስኩም፣ ከቀረጥ ነፃ ይግባ። ለቪ8 የተገኘ ዶላር ለፍሬን ሸራ አይጠፋም።

«ይህ ለአሮጌ መኪና ማበረታቻ ነው» የሚል ይመጣል። አይደለም። መኪናዎቹ በመንገድ ላይ አሉ። ብንጠላቸውም አሉ። ለገና በዓል ከየገጠሩ የሚመጣውን ምዕመን፣ ከቢልባላ ምጥ የያዛትን እናት፣ ከኩልመስክ ገበያ የሚመለሰውን ገበሬ የሚጭኑት እነሱ ናቸው። የቀረው ጥያቄ ፍሬን ይዘው ይሂዱ ወይስ ሳይዙ የሚለው ነው።

ከላስታ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳስብ የመጣሁት ግን ስለ መኪና ብቻ አልነበረም። ይህች አገርስ ብትሆን? በ1967 ሞተር ወረደ፤ ሌላ ተሰቀለ። በ1983 ያም ወረደ፤ ሌላ ተሰቀለ። በ2010 ደግሞ «ይኼኛው ነው አዲሱ» ተባለና እኛም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልክድም። በየጊዜው የተሰቀለው ሞተር ድምፁ ያምራል፣ ሽቅቡን እየጮኸ ይወጣል። ፍሬኑን ግን የነካው የለም። የአገር ፍሬን ሹም ሲያጠፋ የሚያቆመው ፍርድ ቤት ነው። በጀት ሲባክን «ቆይ» የሚል ምክር ቤት ነው። ሳይታሰር የሚጽፍ ጋዜጣ ነው። እነዚህ ሁሉ ያው የጥንቶቹ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ጭራሹን አልተገጠሙም። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር «እግዜር ይጠብቀናል» እያልን እንወርዳለን። ወርደንም ያየነውን አይተናል።

ላሊበላ በደረስን ጊዜ ሾፌሩ መኪናውን ዳገት ላይ አቆመና ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አስገባ። የእጅ ፍሬኑም አይሠራም ማለት ነው። ሒሳቤን ከፍዬ ስወርድ «የኔ ወንድም፣ ፓምፑን ከማስገጠምህ በፊት ቁልቁሉን አትጫን» አልኩት።

«እሺ ጋሼ፣ የዘንድሮ ገና ይለፍልኝና አስገጥመዋለሁ» አለኝ።

እንግዲህ ገና መጥቶ እስኪያልፍ ስንት ሰው በዚያ ቁልቁለት ይወርዳል? ቅዱስ ላሊበላ ይጠብቃቸው፤ አሜን። ነገር ግን እሱም ቢሆን ያን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ዓለት ፈልፍሎ ያወጣው በጸሎት ብቻ አልነበረም፤ መሮም ይዞ ነበር። የእኛም ጸሎት ይኑር፤ ፓምፑም ይገጠም።

ቸር ይግጠመን!